ሁለቴ ከመጽሐፉ፣ አንዴ ከአባባ አፍ

የሳምንቱን ፓራሻ፣ በየሰንበቱ የሚነበበውን የኦሪት ክፍል፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ጥያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የጣልኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ትሩማ የሚባለው ፓራሻ ላይ። በኋላ ሰው ስጠይቅ ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ እንደጣሉት ነገሩኝ። ከበሬሺት እስከ ሚሽፓቲም ባሉት 18 ፓራሾች ውስጥ ሰው ይወለዳል፣ ይጣላል፣ ይሰደዳል፣ ይታረቃል። 19ኛው ላይ ድንገት የአናጺ ሥራ ይመጣል። ታቦቱ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል፤ ከዚያ ቀለበቱ፣ መሎጊያው፣ ሳንቃው፣ እግሩ። ሰው ሥራ ውሎ ደክሞት ይገባና "ይሄ ለእኔ ኑሮ ምኑ ነው?" ይላል፤ ሑማሹም፣ አምስቱ የኦሪት መጻሕፍት የታተሙበት መጽሐፍ፣ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው በተለይ እስራኤል አገር ለምንኖር ቤተ እስራኤል ነው። ልጆቹ በዕብራይስጥ ያነባሉ፣ ወላጆች በአማርኛ ያስባሉ፣ ቄሶቻችን በግዕዝ ያውቁታል፤ ግን ሁሉም አንድ ማዕድ ከበው ስለ ፓራሻው አንዲት ቃል አይነጋገሩም። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁም ይሆናል፤ እናንተን የሚመለከት አንድ የቀን መቁጠሪያ ጣጣ አለ፣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የሸክሙን ልክ ማወቅ ይሻላል። አምስቱ መጻሕፍት 5,845 ቁጥር አላቸው፤ ለ54 ፓራሻ ሲካፈል በአማካይ 108 ገደማ ይደርሳል። አማካይ ግን ያታልላል፤ ናሶ 176 ቁጥር ነው፣ ቫዬሌኽ 30 ብቻ። በዚያ ላይ ሳምንታቱ ሲያንሱ አንዳንዶቹ ተጣምረው ይነበባሉ፤ ታዝሪያ ከመጾራ፣ በሃር ከበሑኮታይ፣ ማቶት ከማሴ። ጥምር ሳምንት እየመጣ መሆኑን ቀድማችሁ ካላያችሁ ረቡዕ ላይ ትንፋሽ ያጥራችኋል። የዕብራይስጡን ዓመት መቁጠሪያ አውጥታችሁ ጥምሮቹን በቀለም አስምሩባቸው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሁሉንም ዓርብ ከሰዓት ልጨርሰው ማለቴ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወጡ እሳት ላይ ነው፣ ልጆቹ ገላቸውን አልታጠቡም፣ ሰንበት ደጃፍ ላይ ናት። ፓራሻው ግን ከጥንቱም ተከፋፍሎ ነው የመጣልን። ሰንበት ጠዋት ሰባት ሰው ወደ ቶራው ስለሚወጣ ሰባት ዓሊያ፣ ማለትም ሰባት ክፍል፣ አለው፤ ሑማሹ ጠርዙ ላይ ሸኒ፣ ሽሊሺ፣ ረቪዒ (ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ) እያለ ያሳያችኋል። እሑድ የመጀመሪያውን፣ ሰኞ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያላችሁ ሰባተኛውን ለሰንበት ጠዋት ተዉት። በቀን 15 ቁጥር ገደማ ነው፤ በዝግታ ለሚያነብ አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ አውቶቡስ ላይ ያልቃል። ክፍሎቹ እኩል እንዳይመስሏችሁ ግን። ኪ ቲሳ ላይ ከ139ኙ ቁጥር 92ቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓሊያዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ዓሊያ የሌዊ ነውና የወርቁ ጥጃ ነገር ለእርሱ እንዲደርስ ተብሎ ነው፣ ሌዋውያን ጥጃው ላይ እጃቸው አልነበረበትምና። እንዲህ ያለው ሳምንት ሲመጣ እሑድና ሰኞን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ።

ያመለጣችሁ ቀን ካለ ወደ ኋላ አትመለሱ። እኔን ሁለተኛው ዓመት ላይ የጣለኝ ይህ ነው፤ የሁለት ሳምንት ዕዳ ተሸክሜ የአሁኑን ማንበብ አቃተኝ፣ ከዚያ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አፈርኩና ተውኩት። ሕጉ ራሱ ከእኛ ይልቅ ለዘብተኛ ነው። የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ የሆነው ሹልሐን ዓሩኽ፣ ኦራሕ ሐዪም በሚባለው ክፍሉ 285 ላይ፣ ከሰንበት ጠዋት ምግብ በፊት መጨረስ ይበልጣል ይላል፤ ያልቻለ እስከ ሚንሓ፣ እስከ ከሰዓቱ ጸሎት፣ አንዳንዶች እስከ ቀጣዩ ረቡዕ፣ አንዳንዶች ደግሞ ከሱኮት (ከዳስ በዓል) ቀጥሎ እስካለው እስከ ሽሚኒ ዓጼሬት ድረስ ይፈቅዳሉ ይላል። እሑድ ሲመጣ አዲሱን ጀምሩ። የቀረው ይቆያችኋል።

ሁለተኛው ስህተት ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) በር ላይ የሚደረደሩት፣ ፓራሻውን የሚያብራሩት የሰንበት ወረቀቶች ናቸው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ግሩም ናቸው። ችግሩ ጥያቄ ሳይኖራችሁ መልስ ይሰጧችኋል። ሰው ጽሑፉን ሳያይ ወረቀቱን ብቻ ካነበበ ሰንበት ማታ "ፓራሻው ስለ መከባበር ነበር" ብሎ ይወጣል፤ የሚቀጥለውም ሳምንት ስለ መከባበር ይሆናል። ወረቀቱን ከንባቡ በኋላ አንብቡት እንጂ በፊት አይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጥንት ረቢዎች መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ በራኾት 8 ላይ ሰው ፓራሻውን ከጉባኤው ጋር ሁለት ጊዜ ከመጽሐፉ፣ አንድ ጊዜ ከትርጉሙ ይጨርስ ይላል፤ በዕብራይስጥ ሽናይም ሚቅራ ቬኤሓድ ታርጉም የሚባለው ነው። ትርጉሙ በጥንት ዘመን ሕዝቡ ይናገረው የነበረው አራማይክ ነው፣ ኦንቀሎስ የሚባለው፤ ዛሬም ሑማሹ ላይ ከዕብራይስጡ ጎን ታትሞ ታዩታላችሁ። አራማይክ ለእኔ ድንጋይ ነበር። እየዘለልኩ ሁለት ዓመት ስሄድ የዘለልኩት ራሱን ቁልፉን መሆኑን አላወቅኩም።

በበዓላችን በስግድ ቀን፣ ሔሽቫን 29፣ ቄሶቻችን ከሚያነቡት ውስጥ የነህምያ መጽሐፍ አለ። ምዕራፍ 8 ላይ ዕዝራ ኦሪቱን በሕዝቡ ፊት ያነባል፤ ቁጥር 8 ደግሞ መጽሐፉን ለይተው አነበቡ፣ ትርጓሜውንም ሰጡ፣ ሕዝቡም አስተዋለ ይላል። ታልሙድ ይህን ቁጥር ይዞ "ይህ ታርጉም ነው" ይላል። ቄሱ አገር ቤት ያደርጉ የነበረው ደግሞ ይኸው ነው። ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይፈቱታል። የ54ቱ ክፍፍልና ፓራሻ የሚለው ስም እኛ ዘንድ የደረሰው እስራኤል ከገባን በኋላ ነው፤ ኦሪቱም እኛ ጋ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ጨምሮ ስምንት መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን "ፓራሻት ቫዬራ" ሲባል ዝም ካሉ ስሙን አያውቁትም ማለት ነው እንጂ ነገሩን አያውቁትም ማለት አይደለም። እኔ ይህን ዝምታ ለስንት ዓመት አለማወቅ አድርጌ ቆጠርኩት።

እናም የቤታችን ሥርዓት እንዲህ ሆነ። ልጅ በዕብራይስጥ ያነባል። ይደግመዋል። ሦስተኛውን አባቴ በአማርኛ ይላሉ፤ ያንን ክፍል በአማርኛ መጽሐፍ ቀድመው አይተውት ይመጣሉ፣ ሲናገሩት ግን በራሳቸው አፍ ነው። ሹልሐን ዓሩኽ በኦንቀሎስ ፋንታ የታወቀውን የኦሪት አብራሪ ራሺን ማንበብ ይቻላል ሲል፣ ሹልሐን ዓሩኽን የሚያብራራው ሚሽና ብሩራ ደግሞ ይህን ለማይችል በሚሰማው ቋንቋ የተጻፈ ማብራሪያ ይበቃዋል ይላል። የእኛ ዘዴ ፍጹሙ ግዴታ ባይሆን እንኳ ከመስመሩ አልወጣም።

ዝርዝሩ ላይ ብዙ ተሳስተናል፣ እናንተ አትሳሳቱ። ክፍሉን እስከ ረቡዕ ምረጡ፤ ከሦስት እስከ ስምንት ቁጥር፣ ከዚያ አይብለጥ። ያማረውን ሳይሆን ግራ የሚያጋባውን ምረጡ። ለአባት ወይም ለእናት ሐሙስ ማታ ደውላችሁ የትኛው እንደሆነ ንገሯቸው፤ ሰንበት ላይ ድንገት "ይተርጉሙልን" ማለት ፈተና ማስቀመጥ ነው፣ ሽማግሌን በልጅ ልጆቹ ፊት ማሳፈር ነው። እንግዳ ባለበት ጨርሶ አይደረግም። ሰዓቱንም አስቡ፤ እኛ መጀመሪያ ከቂዱሹ፣ በወይን ላይ ከሚባለው ቡራኬ፣ ቀጥሎ ሞከርነው፣ ረሃብ ያለበት ጆሮ አይሰማም። አሁን ሁለተኛው እንጀራ ሲዘረጋ ነው፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ይበቃል። ሰንበት ላይ መጻፍም ወረቀት መቅደድም ስለሌለ በእርሳስ የሚሠመረው እስከ ዓርብ ይሠመር፤ ለሰንበት የሚሆኑ ትንንሽ ወረቀቶች ቀድሞ ተቆርጠው ሑማሹ ውስጥ ይቀመጡ።

በእርሳስ ምን እናሥምር ካላችሁ፣ የሚደጋገም ቃል። በሬሺት ላይ የቃየልና የአቤልን ታሪክ ውሰዱና "ወንድም" የሚለውን አክብቡ፤ ሰባት ጊዜ ታገኙታላችሁ። "ቃየል ገደለ" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ጽሑፉ ግን ወንድሙን፣ ወንድምህ፣ የወንድምህ ደም እያለ አይለቅም። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ራሱ ቆጥሮ ሲያገኘውና እናንተ ስትነግሩት አንድ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ የቁጥር አለመግጠም ነው። አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን በክርስቲያኖች እጅ የታተመ ነው፤ የምዕራፍ አቆራረጡ ከዕብራይስጡ ሑማሽ ጋር በየቦታው ይለያያል። ጻቭ በዕብራይስጡ ሌዋውያን 6፥1 ላይ ይጀምራል፣ በሌሎቹ እትሞች 6፥8 ላይ። ሚሽፓቲም ውስጥ "መጻተኛውን አትግፉ" የሚለው በሑማሹ ዘጸአት 22፥20 ሲሆን በሌላው 22፥21 ነው። ልጁ አንድ ቁጥር፣ አያቱ ሌላ ቁጥር ይዘው "ተሳስተሃል" "አልተሳሳትኩም" ሲባባሉ የጨረስናቸው ሰንበቶች አሉ። ቁጥር አትጥሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ጥሩ።

ሥርዓቱ መሥራት የጀመረው ሃዬ ሳራ ላይ ነው። አብርሃም ሣራን የሚቀብርበት ዋሻ ይፈልጋል፤ ኤፍሮን በሕዝብ ፊት "በነጻ ውሰድ" ይለዋል፤ ቀጥሎ እንደ ዋዛ "400 ሰቅል ብር በእኔና በአንተ መካከል ምንድን ነው?" ይላል። ልጆቹ ኤፍሮንን ደግ ሰው አድርገውት ነበር። አባባ ሳቁ፤ "ይኼ ሰው ገበያ ያውቃል! ዋጋውን እኮ ጠራ።" አብርሃም ሳይከራከር መዝኖ ከፈለ፣ በምስክር ፊት። ቀጥሎ ምዕራፍ 24 ላይ አብርሃም የቤቱን ሽማግሌ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ ይልካል። ሽማግሌው ከርብቃ ቤት ደርሶ ምግብ ሲቀርብለት "ነገሬን ሳልናገር አልበላም" ይላል። እዚህ ላይ ማብራሪያ ማን ፈለገ? ሽማግሌ ተልኮ ለሄደ ሰው፣ "እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" ብሎ በር ላይ ለቆመ ሰው፣ ይህ ቁጥር የትናንት ወሬ ነው። ልጆቹ ደግሞ እዚህ አገር ጋብቻ እንዲህ አይደለም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ሻዩ ድረስ ሄደ። ርብቃንም "ትሄጃለሽ?" ብለው ጠየቋት የሚለውን ያገኘችው ልጅቷ ናት፣ 24፥58፤ አያቷን በዚያ ረታቻቸው።

ከዚህ የያዝኩት ዘዴ ይህ ነው፦ "ይህ ቃል ምን ማለት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "እርስዎ አገር ሳሉ ይህ እንዴት ነበር?" በሉ። ጉድጓድ፣ መንጋ፣ ዘር፣ ሸማ፣ ሸክላ፣ ብረት፣ ለቅሶ፣ ምድረ በዳ፤ ኦሪቱ ከሚናገረው ውስጥ ስንቱን እነሱ በእጃቸው ነክተውታል።

እናም ትሩማ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ፈርቼው ነበር። ሳንቃው ከግራር እንጨት፣ የእያንዳንዱ ርዝመት አሥር ክንድ፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ዘጸአት 26፥16። አባባ አማርኛውን ካሉ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ክንዳቸውን ለኩ፤ አሥር ጊዜ በዓይናቸው ወደ ጣሪያው ሄዱ። "ግራር?" አሉ። "ግራር ጠማማ ነው። አሥር ክንድ ቀጥ ያለ ግራር፣ ያውም በምድረ በዳ፣ ከየት አመጡ?"

ሑማሹን ገለጥኩ። ራሺ 25፥5 ላይ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ምድረ በዳ ውስጥ እንጨቱን ከየት አገኙት? ከረቢ ታንሑማ የሚያመጣው መልስ፣ ያዕቆብ ልጆቹ አንድ ቀን በምድረ በዳ ማደሪያ እንደሚሠሩ በመንፈስ አይቶ ዛፎቹን ወደ ግብፅ አምጥቶ ተከለ፤ ስትወጡ ይዛችሁ ውጡ ብሎም አዘዛቸው የሚል ነው። ማዕዱ ጸጥ አለ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ ሰው የራሺን ጥያቄ ከአፉ ነጥቀው ጠየቁ፤ በዚያ ላይ መልሱ ለልጅ ልጆቹ ብሎ በሰው አገር ዛፍ ስለተከለ ሽማግሌ ነው። ከዚያ በኋላ ልኬቱ አላሰለቸንም። ወደ ቫያቅሄል ስንደርስ ደግሞ ጥበበኞቹ ሴቶች በእጃቸው ፈተሉ የሚለው አለ፣ 35፥25፤ ያኔ ተናጋሪዋ እናቴ ነበሩ፣ አባባ ዝም አሉ።

ቫያቅሄል ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፤ "በሰንበት ቀን በመኖሪያችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ"፣ 35፥3። አገር ቤት እሳቱ ሰንበት ሳይገባ ይጠፋ ነበር፣ ምግቡም ቀዝቃዛ ነበር። የረቢዎቹ ትውፊት ግን ቀድሞ የተለኮሰ ይቆያል፣ የሰንበት ሻማም ይበራል ይላል፤ ዛሬ ቤታችን የሞቀ ምግብ አለ። እንዲሁ ታዝሪያ ላይ የወለደች ሴት ቀን ይቆጠራል፤ ለወንድ 7ና 33፣ ለሴት 14ና 66። እናቶቻችን 40ውን እና 80ውን ቀን በአራስ ጎጆ የቆጠሩት በዚሁ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አይቻለሁ። ወጣቱ "እናንተ ረቢዎቹን ስላላወቃችሁ ነው" ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ "እናንተ ኦሪቱን ትታችሁ ነው" ይላል፤ ሁለቱም ሰንበቱን ያበላሹታል። በሕግ ጉዳይ ማዕድ ላይ አትፍረዱ። ቁጥሩ ምን ይላል፣ እዚያ እንዴት ተጠበቀ፣ እዚህ እንዴት ይጠበቃል፤ ሦስቱን አስቀምጣችሁ ተነሱ። ለተግባር የሚያስፈልግ ጥያቄ ካለ ረቢና ቄስ አሉ።

ቀዶሺም ቀላል ነው፣ አላቆያችሁም። "ከሽበታም ፊት ተነሣ" የሚለው፣ ሌዋውያን 19፥32፣ እስራኤል አውቶቡስ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል። ልጆቹን ሳምንቱን ሙሉ ፈልጉት በሏቸው።

በሚድባር አብዛኛውን ጊዜ ከሻቩዖት፣ ኦሪት ከተሰጠበት በዓል፣ በፊት ባለው ሰንበት ይነበባል። ኢያር 28 ደግሞ ከሻቩዖት አንድ ሳምንት ይቀድማል፤ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ ለቀሩት ወገኖቻችን ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ የሚደረግበት ቀን ነው፣ 4,000 ገደማ ነፍስ። ፓራሻው የሚጀምረው በቆጠራ ነው፤ በየስማቸው፣ በየነገዱ፣ 603,550። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ያልፋል። ታልሙድ ግን ፓራሻ አንብቡ ሲል የቦታ ስም ብቻ የሆነውን "ዓጣሮትና ዲቮን" የሚለውን ቁጥር እንኳ አትዝለሉ ይላል። በዚያ ሰንበት ጥያቄ አታዘጋጁ። የነገድ አለቆቹን ስም ልጁ ያንብብ፤ ከዚያ ታላላቆቹ መንገድ ላይ የቀሩትን በስማቸው ይጥሩ፤ የማን ልጅ፣ ከየትኛው መንደር። የሚያለቅስ ካለ ያልቅስ። ልጆቹን ግን ሐሙስ ንገሯቸው፣ ድንገት አይሁንባቸው።

በሃአሎትኻ ላይ መዘጋጀት ግዴታ ነው። ዘኁልቍ 12 ላይ ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ሴት ያሙታል፤ በዕብራይስጡ "ኩሺት" ናት። ልጆቻችን ይህን ቃል ከመጽሐፉ በፊት በትምህርት ቤት ግቢ እንደ ስድብ ሰምተውታል። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት በፍጥነት ማለስለስ ነበር፤ ኦንቀሎስ "ቆንጆ ሴት" ብሎ ይተረጉመዋል፣ ራሺም ኩሺት የሚለው በፊደል ቁጥር 736 ነው፣ "የፋት ማርኤ" ማለትም መልከ መልካም የሚለውም 736 ነው ይላል፤ ሴትየዋ የታወቀችው የሙሴ ሚስት ጺፖራ ናት ይላል። ልጁ አልተዋጠለትም። "ታዲያ ለምን ቆንጆ ብሎ አልጻፈም?" አለ። ልክ ነበር። አማርኛው ላይ በግልጽ "ኢትዮጵያዊቱ" ይላል። ራሽባም፣ የራሺ የልጅ ልጅ፣ እርሱም ቃሉን እንደተጻፈው ይወስደዋል፤ ሙሴ በእርግጥ የኩሽ አገር ሚስት ነበረችው ይላል። እንግዲህ የእኔ አስተያየት፦ የኦንቀሎስ ትርጉም ክብር አለው፣ ነገር ግን ቆዳው ጥቁር የሆነ ልጅ ማዕዱ ላይ ካለ ከቃሉ ግልጽ ፍቺ ጀምሩ። ከዚያ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ያሙት ናቸው የተገሠጹት። ማርያም እንደ በረዶ ነጣች፤ ማንኛውም ልጅ ይህን ሳይነገረው ያየዋል። ሙሴም አልፈረደባትም፤ በዕብራይስጥ አምስት ቃል ብቻ ጸለየላት፣ "ኤል ና ረፋ ና ላ"። ሕዝቡ ሰባት ቀን ሳይጓዝ ጠበቃት። ሁለቱንም ያዙ፤ ግሣጼውንም መጠበቁንም።

በሙሴ ላይ የተነሣው ሰው ፓራሻ፣ ቆራሕ፣ ሲመጣ አንድ በሽታ አብሮ ይመጣል፤ የተጣላነው ሰው ሁሉ ቆራሕ ይሆናል፣ እኛ ሙሴ። የኮሚቴ ሰው፣ የሥራ አለቃ፣ አማች። ፓራሻውን ለዛሬ ኑሮ እናምጣ ስንል ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፣ ርካሹም ይህ ነው። እኛ ቤት ያለው ደንብ፣ ማንም ቁጥሩን በሌላ ሰው ላይ አያነብም፤ በራሱ ላይ ብቻ።

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁና በስልክ አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ የቀን መቁጠሪያውን ጣጣ እወቁ። በእስራኤል ፔሳሕ (ፋሲካ) ሰባት ቀን ነው፣ ውጭ ስምንት። ስምንተኛው ቀን ሰንበት ላይ ሲውል እነሱ የበዓሉን ያነባሉ፣ እኛ ቀጣዩን ፓራሻ። በ2022 ልዩነቱ ከሚያዝያ ጀምሮ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ ቆየ፤ እኛ ማቶትንና ማሴን ለያይተን ስናነብ እነሱ አጣምረው ደረሱብን። የሻቩዖት ሁለተኛ ቀን ሰንበት ሲሆንም እንዲሁ ነው፣ ያኔ ሑካትና ባላቅን በማጣመር ይደርሳሉ። የዘገየው እንዲዘገይ ተዉት፤ በስልክ ለምታነቡት በእነሱ ሳምንት ሂዱ፣ የቀደማችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ደግማችሁ ታነባላችሁ።

በኤሉል ወር ኪ ቴጼ ይመጣል፤ የኦሪትን ትእዛዞች የሚዘረዝረው ሴፈር ሃሒኑኽ እንደሚቆጥረው 74 ትእዛዝ አለው። ሁሉን መንካት አይቻልም፣ አንዱን ለሳምንቱ ሥራ አድርጉት። እኛ የያዝነው ዘዳግም 24፥14 እና 15ን ነው፤ ድኻ ሠራተኛውን ወንድምህም ይሁን መጻተኛ አትግፋው፣ ደመወዙን ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው። ቧንቧ ሊሠራ የመጣውን ሰው "በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሃለሁ" ማለት በዚያ ሳምንት ቀረ። ማዕዱ ላይ ግን ነገሩ በሌላ በኩል ገባ፤ በኮንትራት ድርጅት ስር ጽዳትና ጥበቃ የሠሩ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቁጥሩ "ነፍሱን ወደ እርሱ ያነሣልና" ሲል ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ናቸው የነገሩን።

የመጨረሻው፣ ቬዞት ሃብራኻ፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሰንበት ስለሌለው ሰው ይረሳዋል። 41 ቁጥር ነው፤ የሚነበበው የዓመቱ ንባብ በሚያልቅበት በዓል፣ በሲምሓት ቶራ ነው፣ እስራኤል ውስጥ ቲሽሪ 22። በሱኮት ቀናት ከፋፍላችሁ እስከ ሰባተኛው ቀን፣ እስከ ሆሻዕና ራባ፣ ጨርሱት፤ የሚመቸው ቦታ ሱካው (ዳሱ) ውስጥ ነው። በበዓሉ ዕለት እርሱ እንዳለቀ በሬሺት ይከፈታል፣ በመካከል አንድ ቀን እንኳ የለም፤ ስለዚህ አዲስ ለመጀመር ያሰባችሁ ያን ዕለት ጀምሩ፣ ካለፈባችሁም የደረሳችሁበትን ሳምንት።

ዘንድሮ ሱካው ውስጥ የዘዳግምን 34ኛ ምዕራፍ ልጁ አነበበ። ሙሴ ነቦ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ምድሪቱን ሁሉ ያያል፣ "በዓይንህ አሳየሁህ፣ ወደዚያ ግን አትሻገርም" ይባላል። ልጁ ደገመው። ሦስተኛው የአባባ ነበር። አባባ ግን አማርኛውን አልተናገሩም፤ እጃቸውን ማዕዱ ላይ እንዳደረጉ ቆዩና "አንድ ጊዜ ድገምልኝ" አሉት። ደገመላቸው።